ስክሪኑን በሙሉ ለምን እንቀርጻለን?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እስካሁን ስለ ሰዓት አከባበር፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ምግብ ቤቱ ወረፋ ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ሐሳብ ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይኸውም የኮምፒዩተርን ስክሪን፣ ያውም በሙሉ ሳይሆን ለትምህርቱ የሚፈለገውን ቁራጭ ብቻ፣ በሼል ስክሪፕት አማካይነት በቪዲዮ ስለ መቅረጽ ነው። «ደግሞ ይኼ ለመንዝ ገበሬ ልጅ ምን ይፈይድለታል?» የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበር።

ነገሩ የተነሣው ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ ነው። እንደሚታወቀው በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ይማራሉ። የተመደብንበት ትምህርት ቤት ከመሐል ሜዳ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መብራት የለም፤ ኮምፒዩተርም የለም። ስለዚህ ጠመኔ አነሣን፤ በሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣልንና ከላዩ «ፎልደር» ብለን ጻፍን፤ በውስጡ ደግሞ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች አድርገን «ፋይል» አልናቸው። አሳምረን ያስተማርን መስሎን ስናበቃ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ጽሑፉ የት ያድራል?» ስትል ጠየቀች።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? እኛ «እዚያው ውስጥ ይቀመጣል» አልናት። «እሺ» ብላ ተቀመጠች። ነገር ግን እሺታዋ የገባው ሰው እሺታ እንዳልነበረ ከፊቷ ይነበብ ነበር። አይታው የማታውቀውን ዕቃ ሆድ ዕቃውን በጠመኔ ልናሳያት ነበር የሞከርነው። ይህንኑ ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ ብታገኘው ሸምድዳ ትመልሰው ይሆናል። ዐወቀች ተብሎም ይታለፋል። እኛን ያሳሰበንም ይኸው ነው።

ወደ ተቋማችን እንደተመለስን አራት ሆነን ተመካከርን። ኮምፒዩተሩን ተሸክመን ወደዚያ መሄድ ካልቻልን ኮምፒዩተሩ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልካችን ይዘን እንሂድ ተባባልን። ላፕቶፕ ተዋስን፤ ፋይል ሲከፈት፣ ጽሑፍ ሲጻፍ፣ በስም ሲቀመጥ የሚያሳየውን ሁሉ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀርጸን ወደ ስልክ ገለበጥነው። በሚቀጥለው ጉዟችን ልጆቹን ስድስት ስድስት አድርገን በስልኩ ዙሪያ ሰበሰብን። ምን ያደርጋል! «ቲቸር፣ ጉንዳን ነው የሚታየን» አሉን። እውነታቸውን ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። የላፕቶፑ ስክሪን ወደ ጎን 34 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ያው ሥዕል በስልክ ላይ ሲታይ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወደ ሲሶ ወረደ ማለት ነው። በላፕቶፑ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላት ፊደል በስልኩ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ስድስት ልጅ ተደራርቦ፣ ከደጅ ፀሐይ እየገባ፣ 1 ሚሊ ሜትር ፊደል ማን ያነባል? በዚያ ላይ ልጆቹ ማየት የሚገባቸው ከስክሪኑ ከአራት አንዱን እንኳ የማይሞላ ትንሽ ሳጥን ነበር። የቀረው ግድግዳ ወረቀት፣ ሰዓት፣ የባትሪ ምልክት፣ የማይፈለግ የማዘዣ መደዳ ነው።

ሌላም የደረሰብን ነገር አለ፤ ይህን ለመጻፍ ተከራክረናል፤ ባለቤቱ ራሱ «ይጻፍ» ስላለ ጻፍነው። ቀረጻውን የሠራው ጓደኛችን ቴሌግራሙን ከፍቶ ትቶት ኖሮ፣ ከስክሪኑ ጥግ ከእህቱ የተላከ መልእክት ብቅ ብሎ ጠፋ። ለሱ ማደሪያና ቀለብ ሲባል በሬው መሸጡን የሚናገር መልእክት ነበር። ሌላው ፊደል ሁሉ ጉንዳን ሆኖ ሳለ፣ ያ መልእክት ግን በትልቁ ነው የወጣው፤ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ አነበበው። ልጆቹ አልሳቁም። በሬ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ከኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ጓደኛችን ግን የዚያን ቀን ትምህርቱን አልጨረሰም። ስክሪን በሙሉ ሲቀረጽ እንዲህ ያለው ሁሉ አብሮ ይቀረጻል፤ ዛሬ የእህት መልእክት ነው፤ ነገ ደግሞ የተማሪዎች የማርክ ዝርዝር ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ቁራጩ የመጣነው በዚህ መንገድ ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ሼል ስክሪፕት ማለት በተርሚናል ላይ አንድ በአንድ የምንጽፋቸውን ትእዛዞች በቅደም ተከተል በአንድ ፋይል አስፍሮ ማስቀመጥ ነው። ሼሉ ፋይሉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ያስፈጽማል። ዋናውን የቀረጻ ሥራ የሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህን ፕሮግራም ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 የጀመረው ሲሆን፣ ያለ ክፍያ የሚገኝና ምንጩም ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ይህ ፕሮግራም የስክሪኑን አንድ ክፍል እንዲቀርጽ የሚፈልገው አራት ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ የቁራጩን ስፋት፣ የቁራጩን ቁመት፣ ከግራ ጠርዝ ያለውን ርቀትና ከላይኛው ጠርዝ ያለውን ርቀት። የሚለካው በፒክስል ነው። የሒሳብ ተማሪዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ በደብተራችን ግራፍ ላይ ቁጥር የሚጨምረው ወደ ላይ ሲሆን በስክሪን ላይ ግን ዜሮ ያለው በላይኛው የግራ ጥግ ነው፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ይጨምራል። እኛ ይህን ባለማወቃችን ግማሽ ቀን ሙሉ ባዶውን የግድግዳ ወረቀት ስንቀርጽ ውለናል።

ቁጥሮቹን በግምት መጻፍ አድካሚ ነው። ስለዚህ ስክሪፕታችን ስሎፕ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይጠራል፤ በማውስ የምንፈልገውን ክፍል ከጥግ ወደ ጥግ ስንስብበት አራቱን ቁጥሮች ራሷ ትነግረዋለች። ቀጥሎ ስክሪፕቱ የትምህርቱን ስም ይጠይቃል፤ ስሙንና ቀኑን አያይዞ የፋይሉ መጠሪያ ያደርገዋል። ከዚያ መቅረጽ ይጀምራል፤ ድምፃችንንም ከማይክሮፎኑ ይወስዳል። ስናበቃ ‹ኪው› የምትባለውን ፊደል መንካት ነው። በቃ፤ ይኼው ነው።

ነገሩ ግን እንዲህ አልጋ በአልጋ ሆኖ አልተገኘም። አንድ ማታ ስክሪፕቱ እምቢ አለ። ትናንት የሠራው ዛሬ ምን ሆነ ብለን ኮምፒዩተሩን አጥፍተን አበራን፤ ፕሮግራሙን አንሥተን እንደገና ጫንን። በመጨረሻ አንድ መምህራችን መጥተው «የጻፈላችሁን መጀመሪያ አንብቡት» አሉን። ስናነበው ስፋቱ ለሁለት አይካፈልም ይላል። በማውስ ስንስብ 641 በ360 ሆኖ ነበር። ለካስ ኤች 264 በሚባለው የቪዲዮ አሠራር፣ ስልኮች በሚቀበሉት ዓይነት፣ ቀለም የሚመዘገበው ለእያንዳንዱ ፒክስል ለየብቻው አይደለም፤ ሁለት በሁለት ለሆኑ አራት ፒክስሎች አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጎዶሎ ቁጥር ሲመጣ አንድ መደዳ ጓደኛ ያጣል። መድኃኒቱም ቀላል ሆነ። ሼሉ ሲያካፍል ቀሪውን ይጥላል፤ 641ን ለሁለት ብናካፍለው 320 ይለናል፤ በሁለት መልሰን ብናባዛው 640 ይሆናል። ይህን አንዲት መስመር ስክሪፕቱ ውስጥ ጨመርን፤ ከዚያ ወዲህ አስቸግሮን አያውቅም። የቀለሙን አመዘገብ ዓይነት የሚናገረውን ቃል ረስተን በሄድን ጊዜም ስልኩ ድምፁን አሰምቶ ሥዕሉን ከልክሎናል፤ ስለዚህ እሱም ተጽፏል። ሦስተኛው መሰናክል በአዳዲሶቹ ሊኑክሶች ላይ የሚያጋጥመው ነው። ዌይላንድ የሚባለው የስክሪን አሠራር ይህን ዓይነት ቀረጻ ስለማይፈቅድ የሚወጣው ጥቁር ሥዕል ነው። የኛ ኮምፒዩተሮች አሮጌ ስለሆኑና በቀድሞው አሠራር ስለሚሄዱ ችግሩ አልነካንም። እርጅና ለአንድ ቀን ጠቀመን ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የላፕቶፑ ሙሉ ስክሪን 1366 በ768 ፒክስል ነው፤ ሲባዛ 1,049,088። በሰከንድ 30 ሥዕል ቢነሣ በእያንዳንዱ ሰከንድ 31,472,640 ፒክስል ይስተናገዳል። እኛ የምንቆርጠው 640 በ360 ሲሆን 230,400 ይሆናል፤ ፋይል ሲከፈት ለማሳየት ደግሞ በሰከንድ 10 ሥዕል ይበቃል። 2,304,000 መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው አሥራ ሦስት ጊዜ ይበልጣል። ቪዲዮ ሲቀመጥ ስለሚታመቅ የፋይሉ ክብደት በዚሁ ልክ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ የኮምፒዩተሩ ድካም ግን በእርግጥ ይቀላል፤ በሙሉ ስክሪን ጊዜ እየተንገዳገደ የነበረው አሮጌ ማሽን ቁራጩን ያለ ችግር ቀርጾልናል። የፊደሉም ነገር እንደዚያው ነው። 640 ፒክስል በላፕቶፑ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በስልኩ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ የሚያጣው ሩቡን ብቻ ነው። ያቺ 3 ሚሊ ሜትር ፊደል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ሆና ትታያለች። ልጆቹ ጉንዳን ማለታቸውን ተዉ።

የልጅቷን ጥያቄ ለመመለስ ስንነሣ ግን አንድ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ጽሑፉ ተቀምጦ፣ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ፣ ተመልሶ ሲበራ ጽሑፉ መገኘቱን በአንድ ቪዲዮ ማሳየት አይቻልም፤ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ቀራጩም አብሮ ይጠፋል! ስለዚህ በሁለት ቁራጭ ሠራነው። በመጀመሪያው ጽሑፉ ተጽፎ ስም ይሰጠዋል። በሁለተኛው ኮምፒዩተሩ በማግስቱ ከበራ በኋላ ያው ፎልደር ተከፍቶ ያው ጽሑፍ ይገኛል። በሁለቱ መሐል ስልኩን አጥፍተን ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ሁለተኛውን ስታይ ልጅቷ «እንግዲያው እዚያው ነው ያደረው» አለች። ከጎኗ ያለው ልጅ ደግሞ «ኮምፒዩተሩን ሌባ ቢወስደውስ?» አለ። ስለ መጠባበቂያ ቅጂ የሚናገረው ክፍል ገና ሦስት ገጽ ይቀረው ነበር፤ እሱ ግን ቀድሞ ደረሰበት።

«ቪዲዮ ከሆነ የሚፈለገው በኢንተርኔት ሞልቶ የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች ያለፉትን ዓመታት ረስተዋል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኛ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይሰጣል ተባለ፤ ሬዲዮም ስልክም በሌለበት ቤት ያለ ልጅ በጎቹን ይዞ ሜዳ ወረደ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ረዥም ወራት ቆይቷል። በኔትዎርክ ላይ የተንጠለጠለ ትምህርት ኔትዎርኩ ሲቆረጥ አብሮ ይወድቃል። በሜሞሪ ካርድ ላይ ያለ ትንሽ ፋይል ግን በኪስ ይሄዳል፤ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ያልፋል። የምንለፋለትም ፋይሉ ትንሽ እንዲሆን ነው።

ፕላዝማውንም እናንሣ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀመር ከኛ አብዛኞቹ ገና አልተወለድንም ነበር፤ ታላላቆቻችን ግን ሲያወሩት ሰምተናል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የተዘጋጀውም ደቡብ አፍሪካ ነው። ወጪው ከባድ፣ ዓላማውም በጎ ነበር። ጣጣው ግን መምህሩ ማስቆም አለመቻሉ ነው። ተማሪው አልገባኝም ቢል ሳተላይት አይሰማም፤ ሥርጭቱ ይሄዳል፤ መምህሩም ከተማሪው ጋር ቆሞ ያያል። ለምን እንደሚያስተምር የሚያውቅ ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ስቱዲዮ ገባ ማለት ነው። እኛ የምንለው ቁራጭ ቪዲዮ ሦስት ደቂቃ የሚሞላ፣ በአማርኛ የተነገረ፣ መምህሩ ራሱ የቀረጸውና በአውራ ጣቱ የሚያስቆመው ነው። አሳይቶ ያቆማል፤ ይጠይቃል፤ ወደ ጠመኔው ይመለሳል። ጠመኔውን የሚያስጥል ቪዲዮ አንፈልግም።

«ታዲያ ስክሪፕት ምን ያስፈልጋል? አንድ ቁልፍ ተጭነህ የምትቀርጽበት ፕሮግራም ሞልቷል» የሚለው ክርክር ከመካከላችንም ተነሥቷል፤ ከአራታችን አንዱ እስከ ዛሬም አልተረታም። እነዚያ ፕሮግራሞች ጥሩ መሆናቸውን አንክድም። ጉልበተኛ ኮምፒዩተር ያለው ይጠቀምባቸው። ነገር ግን ስክሪፕቱን አንድ ጊዜ ከጻፍነው ሁላችንም የምንቀርጸው በአንድ ልክ፣ በአንድ ዓይነት ስም፣ በአንድ ፎልደር ይሆናል። ከዚህም በላይ ስክሪፕት ይነበባል። በ641 የተሰናከልን ጊዜ ምን እንደሆነ ማየትና ማረም የቻልነው ስለተነበበ ነው። ነገ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር እንሆናለን የምንል ሰዎች ትእዛዝ ማለት ምን እንደሆነ ሳናውቅ ቁልፍ ብቻ ተጭነን ብንወጣ ከሸመደደችው ልጅ በምን ተሻልን? በስልክ ካሜራ የኮምፒዩተሩን ስክሪን ማንሣት ይበቃል የሚሉት ደግሞ አንድ ጊዜ ሞክረው ይዩት፤ መስመር መስመር የሆነ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የአንሺው ጥላ የወደቀበት ነገር ነው የሚወጣው።

ግለ ሂስ ይደረግ ከተባለ ከኛው እንጀምር። ለልምምድ ስንወጣ ከሌላ ሰው ቪዲዮ አውርደን፣ የሚናገረውን ቋንቋ ልጆቹ ይስሙት አይስሙት ሳንጠይቅ «ቴክኖሎጂ ተጠቅመናል» ብለን በሪፖርታችን ላይ የጻፍን አለን። ማርክም አግኝተንበታል። ቀረጻውንም ስንሠራ ድምፃችን እንዲጠራ አልተጨነቅንም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቪዲዮዎች ላይ ከኛ ይልቅ የመሐል ሜዳ ነፋስ ነው የሚያስተምረው። አሁን መስኮቱ ላይ ባና እንሰቅላለን። ለብርድም ለነፋስም የሚሆን ነገር ከቤታችን ይዘን መጥተን ሳንጠቀምበት መቆየታችን ያስቃል።

የሚመለከታቸው ክፍሎችንም እንጠይቃለን። የኮምፒዩተር ክፍሉ በክፍለ ጊዜ ብቻ ተከፍቶ ወዲያው ይቆለፋል። የዕቃው ደኅንነት እንደሚያሳስባቸው ይገባናል፤ ኃላፊነቱን ፈርመን እንወስዳለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከፈትልን። ከኮምፒዩተሮቹም በአንዱ ላይ በክፍልና በምዕራፍ የተለየ የጋራ ማኅደር ይኑር። የሚቀጥለው ዓመት ዕጩ መምህር ከዜሮ እንዳይጀምር ነው። ይህ ደግሞ ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም። የሒሳብ ዕጩዎች የግራፍ መስመር ሲሣል፣ የሳይንስ ዕጩዎችም ጓሳ በካርታ ላይ የት እንዳለና ወንዞቹ ወዴት እንደሚፈሱ ሊቀርጹበት ይችላሉ። ጓሳን በእግሩ የሚያውቅ ልጅ በካርታ ላይ ሲያየው ምን እንደሚል ለመስማት እኛም ጓጉተናል። መምህራኖቻችንም የማስተማር ልምምድን ሲመዝኑ ቪዲዮ ቀረበ አልቀረበም ብለው ብቻ እንዳያልፉት፣ መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀምጠው ፊደሉ ይታይ እንደሆነ እንዲያዩልን በአክብሮት እንለምናለን።

ስክሪፕቱ በላቲን ፊደል ስለተጻፈ በዚህ ገጽ አላወጣነውም፤ በኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ለጥፈነዋል፤ አሥራ አንድ መስመር ነው። ስትገለብጡት በቃላት መሐል ያለውን ክፍተት እንዳትዘሉ፤ ሼል ክፍተት ሲጎድል አያልፍም። ስህተት ያገኘ በእርሳስ ከጎኑ ይጻፍበት። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት በሩ ከተከፈተ እዚያው ነን፤ ካልተከፈተም በሩ ላይ ነን። ሜሞሪ ካርድ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ቴሌግራሙንም ዘግቶ።